ለዓባይ በረሃ ተብሎ የወጣ ቴርሞስታት እንዳይሆን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ኮሮላህ ከደብረ ማርቆስ ጠዋት ተነስቶ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላም የሙቀት ቀስቱ ግማሽ አይደርስም። ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ቡሬን አልፈህ እንጅባራ ስትቃረብ ጭራሽ ይወርዳል። ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጥሃል። ቤንዚን መብላት ጀምሯል። የዓባይን ዳገት ስትወጣ ግን ቀስቱ መሃል ላይ ይቆማል። መካኒኩ ደግሞ «ሞተር ከፈላ ነው የሚያስፈራው፣ ቀዘቀዘ ብለህ አትጨነቅ» አለህ።

በዚህ ጉዳይ ከመካኒኩ ጋር አልስማማም። ጋራዥ ውስጥ ስሠራ የኖርኩት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ነው። እዚህ አገር በሙቀት ከሚጎዳው ያላነሰ ሞተር በብርድ ይጎዳል። ልዩነቱ የፈላ ሞተር ወዲያው ያስጮሃል፣ የቀዘቀዘው ግን ዝም ብሎ ያልቃል።

ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ይህን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታቱ ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ዘግቶ ይይዛል፣ ሲሞቅ ይከፍተዋል። የውሃው ሙቀት ከተባለው ብዙ ሲወርድ የሞተሩ ኮምፒውተር «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን ይጨምራል። ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርድና ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱን ስትለካ ቤንዚን ቤንዚን የሚል ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። ካንዴላው ይጠቁራል። አውቶማቲክ ማርሽ ከሆነ ደግሞ ኦቨርድራይቩ (የመጨረሻው ፈጣን ማርሽ) አልገባም ሊል ይችላል፣ ብዙዎቹ ሞተሩ እስኪሞቅ ስለሚጠብቁ። ሰው ግን ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ያስፈታል።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ሰው ልክ እንዳንተ ዓይነት መኪና ይዞ መጣ። የዘይት መሙያውን ክዳን ስንከፍተው ከውስጥ በኩል ነጭ አረፋ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ሌላ ጋራዥ «ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ሞተር ይወርዳል» ብለውታል። እኛ መለኪያውን መዘዝን፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ራዲያተሩን አየን፤ ውሃውም ንጹሕ ነው፣ አልጎደለም። አረፋው ያለው ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት አይተንም፣ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይያዛል። የቴርሞስታቱን ቤት ስንከፍት ባዶ ነው። ቴርሞስታት የሚባል ነገር የለም። አዲስ ገባለት፣ ዘይት ተቀየረለት፣ ሄደ። ቴስታታው ሳይነካ።

ቴርሞስታቱ ለምን ጠፋ? ጎጃም ውስጥ የሚነዳ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ ዓባይ በረሃ። ከደጀን እስከ ድልድዩ፣ ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ታች ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ዳገቱ ረጅም ነው። መኪና አንዴ እዚያ ከፈላበት ሹፌሩ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ቴርሞስታቱን አውጣው» ነው። ይወጣለታል። ከዚያ ያው መኪና ዓመቱን ሙሉ በማርቆስ፣ በእንጅባራና በጮቄ ሥር ባለው ብርድ እየቀዘቀዘ ይነዳል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚያልፍበት ዳገት ብሎ።

የሚያሳዝነው ዳገቱ ላይም ላይጠቅም መቻሉ ነው። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላ ሥራም አለው፤ ከሥሩ ያለው ሁለተኛ ክዳን ወደ ራዲያተር ሳይሄድ የሚዞረውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ዳገት ላይ ይፈላል ተብሎ የወጣው ነገር ራሱ ሊያስፈላ ይችላል ማለት ነው። ዓባይ ላይ የሚፈላ መኪና ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኖ፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ደክሞ ወይም የራዲያተር ክዳኑ ግፊት መያዝ አቅቶት ነው። ክዳኑን በጣም አትናቀው። ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተርህን ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ከሁሉም በፊት ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የራዲያተር ክዳኑን ከፍተህ ውሃውን እይ። ሙቅ ሞተር ላይ በፍጹም እንዳትከፍት። ይህን የማስቀድመው ምክንያት አለኝ። ውሃ ሲጎድል ሴንሰሩ አየር ላይ ይቀርና ቀስቱ «ቀዝቃዛ» ሊል ይችላል፣ ማሞቂያውም ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ ውስጡ ግን እየነደደ ነው። ያንተን ምልክት ይመስላል፣ ግን ሞተር ይበላል።

ውሃው ሙሉ ከሆነ አስነሳና ኮፈኑን ክፈት። ጋቢ ወይም ሻርፕ ከለበስክ አውልቀው፣ ቀበቶና ቬንትሌተር ያለበት ቦታ ነው የምታጎነብሰው። አሁን ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ሁለት ትልልቅ ቱቦዎች እየዳሰስክ ጠብቅ። ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ ይዳስሳል። የድሮ መኪኖች ላይ ይሠራል። ኮሮላህ ግን ኤንዜድ (NZ) የሚባለው የቶዮታ ሞተር ካለው ቴርሞስታቱ ያለው በታችኛው ቱቦ በኩል ነው፣ ስለዚህ ማመን ያለብህ የታችኛውን ነው። ጤነኛ ከሆነ የላይኛው ግሎ፣ ቀስቱ ወደ መሃል ተጠግቶ እንኳ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ይሞቃል። ገና ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ከላይኛው ጋር አብሮ ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይም ከነጭራሹ የለም።

ያንተ ነገር ወደዚህ የሚያደላ ይመስለኛል። ዳገት ላይ ቀስቱ መሃል መድረሱ ጌጁ (የሙቀት ማሳያው) እንደሚሠራ ይጠቁማል። ሜዳ ላይና ብርድ ላይ ነፋሱ ሲያሸንፈው ይወርዳል፣ ጭነት ሲበዛበት ይነሳል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ከደጀን ወደ ድልድዩ በከባድ ማርሽ ስትወርድ ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፤ ያኔ ነዳጅ ብዙም አይቃጠልም። ናፍጣ መኪና ደግሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ተነስቶ) ረጅም ሰዓት ሲቆም መቀዝቀዙ ያለ ነው።

ቢሆንም ጌጁን ሳታጣራ ዕቃ አትግዛ። ኮምፒውተር የሚያነብ ሰው ካገኘህ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የውሃውን ሙቀትና የሚገባውን አየር ሙቀት ያስነብብህ። ካደረ መኪና ላይ ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ውሃው ከዜሮ በታች 40 ካለ የሴንሰሩ ሽቦ ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ወልቋል፤ እንጅባራም ቢሆን እንዲህ አይበርድም። ፒ0128 የሚል ኮድ ከወጣ ሞተሩ በሚጠበቀው ጊዜ አልሞቀም ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቴርሞስታት ነው። በቆዩ መኪኖች ላይ ለጌጁ ብቻ የሚሠራ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር አለ። እሱ የኤሌክትሪክ መሬቱን (ኔጌቲቩን) የሚያገኘው ሞተሩ ላይ በሚታሰርበት ጥርስ በኩል ነው። መካኒክ ውሃ እንዳያፈስ ብሎ ቴፍሎን ሲያበዛበት ሞተሩ ደህና ሆኖ ቀስቱ ዝቅ ይላል። የጨረር ሙቀት መለኪያም ይጠቅማል፣ ግን የሰው ግንባር የሚለካውን አይደለም፤ እሱ የሞተር ሙቀት ላይ አይደርስም።

ቬንትሌተሩንም እይ። ቁልፍ እንደተከፈተ መዞር ከጀመረ አንድ ሰው ቀጥታ አስሮት ሊሆን ይችላል። ብቻውን እንዲህ አያቀዘቅዝም፣ ከጠፋ ቴርሞስታት ጋር ሲሆን ግን ያባብሰዋል።

አዲስ ቴርሞስታት ስትገዛ ከመግጠምህ በፊት ቤትህ ፈትነው። ገበያው ላይ የሚሸጠው ሁሉ ደህና አይደለም። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ታትሟል፣ መክፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። የመኪናህ የሚፈልገውን ቁጥር ግዛ። የቴርሞስታቱን አፍ በትንሹ ከፍተህ ክር አስገባና ይንከሰው። በዚያ ክር ድስት ውስጥ አንጠልጥለው፣ ታች እንዳይነካ። ቴርሞሜትር ጨምር፣ ውሃውን አሙቅ። ሲከፈት ክሩን ለቅቆ ጠብ ይላል፤ ያኔ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አንብብ። ባለ 82ቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ስለሆነ ማርቆስ ላይ በድስት ሙሉ ሲከፈት አታየውም። ተበላሸ ብለህ አትመልሰው። ባለ 88ቱማ ገና ፈቀቅ ሲል ውሃው ይፈላል።

ሲገጠም የምታንቃጭል ትንሽ ፒን ያለችበት ቀዳዳ ቀድሞ በነበረችበት በኩል ትሁን፣ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ናት፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። የቴርሞስታቱን ማሸጊያ ጎማ አዲስ አድርግ። በወንዝ ውሃ ሳይሆን በኩላንት ሙላው፣ ማሞቂያውን ከፍተህ አየሩ እስኪወጣ አስነሳው። እስከዚያው አንዳንድ የአይሱዙ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት ራዲያተሩን በካርቶን ልሸፍን ካልክ ግማሹን ብቻ ሸፍን፣ ወደ ዓባይ ከመውረድህ በፊት ደግሞ ደጀን ላይ አውጣው።

ነገ ጠዋት የታችኛውን ቱቦ ዳስሰህ ያገኘኸውን ከሞተሩ ዓይነት ጋር ጻፍልኝ፣ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።