ከቪአይ መውጣት ላቃተሽ እህቴ

ለሰርቨር ሥራ ስትፈተኚ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሽ ተግባሩ ላይ እንደወደቅሽ ጽፈሽልኛል። አንድ ፋይል በቪአይ (vi)፣ በኪቦርድ ብቻ በሚታዘዘው የጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም (ኤዲተር)፣ ከፍተሽ አንድ መስመር አስተካክይ ተባልሽ። መጻፍም መውጣትም አቃተሽና መስኮቱን ዘጋሽው። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሌላ መሥሪያ ቤት በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊፈትንሽ ነው። አጎትሽ ውድ የሰርተፍኬት ኮርስ ልክፈልልሽ ይላሉ፣ እናትሽ ባንክ ግቢ ይላሉ፣ የጀማሪ ደመወዙም አናሳ ነው። አንቺ ደግሞ «ማውስ የማይሠራበት ኤዲተር በዚህ ዘመን ማን ይጠቀማል?» ትያለሽ።

ሰርቨር የሚነካ ሁሉ ይጠቀማል። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ሆነሽ ሰርቨር ውስጥ በምትገቢበት መንገድ፣ ስትገቢ የሚጠብቅሽ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ቢል ጆይ ቪአይን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር ላይ እሱ ወይም ታናሹ ቪም አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ናኖ የሚባለው ሌላው ኤዲተር ይቀላል፣ አልክድም። ግን ሁሌ ተጭኖ አታገኚውም፤ የሰው ሰርቨር ላይ ደግሞ ደስ ያለሽን አትጭኚም።

አንቺን የጣለሽ አንድ ነገር ነው። ቪአይ ሲከፈት የሚጠብቀው ትእዛዝ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። «አይ» (i) የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጫኚ ነው መጻፍ የምትጀምሪው። ኢስኬፕ ወደ ትእዛዝ ይመልስሻል። ግራ በገባሽ ቁጥር ኢስኬፕ ተጫኚ። ከዚያ ኮለንና ደብሊው (:w) ብለሽ ኢንተር ስትይ ያስቀምጣል፤ ኮለንና ኪው (:q) ያስወጣል፤ ኮለን ደብሊው ኪው (:wq) ሁለቱንም ይሠራል። ፋይሉን ካመሰቃቀልሽው ኮለን፣ ኪውና ቃለ አጋኖ (:q!)። ምንም ሳያስቀምጥ ይለቅሻል። ያን ቀን ያስፈለገሽ ይቺ ነበረች።

«ዲ» ሁለቴ (dd) መስመር ይሰርዛል፣ «ዋይ» ሁለቴ (yy) ይቀዳል፣ «ፒ» (p) ይለጥፋል፣ «ዩ» (u) የሠራሽውን ይመልሳል። ስላሽ (/) ብለሽ ቃል ስትጽፊ ፈልጎ ያመጣልሻል። ለጀማሪ ፈተና ይበቃል። ለማስቀመጥ ኮንትሮል ኤስ የመጫን ልማድሽን ግን ተዪው። ብዙ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስክሪኑን ቀጥ ያደርገዋል፤ የሚፈታው ኮንትሮል ኪው ነው። ኪቦርድሽ አማርኛ ላይ ከቀረም ቪአይ ትእዛዝሽን አይሰማሽም። ይሄ የኛው ጣጣ ስለሆነ የውጭ ቪዲዮ ላይ አታገኚውም። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፕሽ ድርግም ቢልም አትደንግጪ። ቪም የጀመርሽውን ስዋፕ በሚባል ጊዜያዊ ፋይል ውስጥ ይይዘዋል። ፋይሉን መልሰሽ ስትከፍቺ ሲያስጠነቅቅሽ ሪከቨር የሚለውን ምረጪ።

ስክሪንሾት እየሰበሰብሽ አትሸምድጂ፤ እጅሽ ነው መልመድ ያለበት። ቪምን ከጫንሽ በኋላ ተርሚናሉ ላይ «ቪምቱተር» (vimtutor) ብለሽ ጻፊ። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ትምህርት ነው፣ ዳታ አይበላም። በየቀኑ ሥሪው። ቤት ካስቸገረሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጠገብሽ ነው።

አጎትሽ ገንዘባቸውን ኪሳቸው ያቆዩት። አዎ፣ ደግ ሰው ናቸው። ግን የዘመድ ብር ወለድ ባይኖረውም ወሬ አለው፤ በየበዓሉ «ያ ኮርስ የት አደረሰሽ?» ትባያለሽ። ፋይል ከፍቶ መዝጋት ያልቻለ ሰው ሰርተፍኬት ቢይዝ ፈታኙ በአምስት ደቂቃ ያውቅበታል። እኔ ወደ ማማከር የመጣሁት ከሰርቨር ክፍል ነው፣ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቼ። አብረውኝ ከጀመሩት አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን ነበር የገቡት፤ ሰርተፍኬቱን በኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከፍሎ አስፈተናቸው። አጎትሽ መርዳት ካማራቸው ላፕቶፕሽ ላይ ራም ያስጨምሩልሽ።

ለእናትሽ ባንክም ሰርቨር እንዳለው ንገሪያቸውና ማመልከቻሽን ለአይቲ ክፍሉ አስገቢ። ደመወዙ አናሳ ነው፣ እውነት ነው፤ አንድ ዓመት ቻይው።

ፈተና ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ ካፕስ ሎክ አለመብራቱን እዪ። ፋይሉን ከመንካትሽ በፊት ደግሞ ፋይል በሚቀዳው በሲፒ (cp) ትእዛዝ አንድ ቅጂ አስቀሪ። ባትጠየቂም አድርጊው፤ እኔ ስፈትን መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።