የመጋቢት 29 ሌሊት አለፈች፤ አሁን ደግሞ 2044 ነው?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሞጣ አካባቢ ነው። በ2016 ዓ.ም በዐቢይ ጾም አንድ «ባሕታዊ ነኝ» የሚል ሰው ወደ ቀበሌያችን መጣ። «ጌታ የሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፣ በመጋቢት 29፣ በዕለተ እሑድ፣ በመንፈቀ ሌሊት ነው። ዘንድሮ ሁሉም ገጥሟል» አለን። ባለቤቴ አመነው። ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ገንዘቡን ለነዳያን ሰጠ። ማሳውንም ሳያርስ ተወው። ቅዳሜ ማታ ልጆቹን ይዘን ቤተ ክርስቲያን አደርን። ነጋ፤ ተቀደሰ፤ ወደ ቤታችን ተመለስን። ያን ዓመት የበላነው ከእናቴ ቤት እየተበደርን ነው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ሰው ያፍራል፤ ቤተ ክርስቲያን መምጣትም ትቷል። አሁን ደግሞ በስልክ፣ በቲክቶክ «የሚቀጥለው 2044 ነው» ይላሉ። «ስምንተኛው ሺህ ገብቷል፣ ጦርነቱ ምልክቱ ነው» የሚልም አለ። ቀኑ አይታወቅም ካላችሁን የዳግም ምጽአት መታሰቢያ የሆነውን ደብረ ዘይትን በየዓመቱ ቀን ቆርጠን የምናከብረው ለምንድን ነው? ቀን መቁጠርስ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን የነካው ቀኑ ሳይሆን በሬው ነው። ወደ በሬው እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውዬው የነገራችሁ ከምን እንደመጣ ልንገርሽ። ከባዶ ሜዳ ያመጣው ነገር አይደለምና።

መጋቢት 29 በቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ቀን ነው። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበት፣ ጌታ የተፀነሰበት ዕለት ነው። ዓለም መፈጠር የጀመረበት፣ ጌታ መጀመሪያ የተነሣበት ጥንተ ትንሣኤውም የሚታሰብበት ቀን ነው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ብትቆጥሪ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። በዘመነ ዮሐንስ ልደትን በ28 የምናከብረውም ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ያለችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን፣ ቁጥሩ እንዳይዛባ አንድ ቀን ወደኋላ ይመጣል። እንግዲህ መጀመሪያውን በዚህ ቀን ያሰቡ አባቶች መጨረሻውንም በዚሁ ቀን ማሰባቸው አያስገርምም። እሑድ መባሉ በትንሣኤው ምክንያት ነው። መንፈቀ ሌሊት መባሉም «እኩለ ሌሊት ሲሆን፦ እነሆ፣ ሙሽራው ይመጣል የሚል ውካታ ሆነ» ከሚለው የዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ነው።

ይህ ለማሰቢያ የተሰጠ ነው። ባለቤትሽን የጎዳው ማሰቢያውን ቀጠሮ ያደረገው ሰው ነው።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንየው። እኔ ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ሒሳቡን፣ የተማርኩት በቆሎ ተማሪነቴ ነው፤ መሬት ላይ ባቄላ እየደረደርን ነበር የምንቆጥር። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ቁጥሮች፣ በዓላትና አጽዋማቱን አውጥቼ መምህሬ ፊት ስቆም «ደግ። ይህ ሒሳብ የጾምን መግቢያ ይነግርሃል፤ የዓለምን መውጫ ግን አይነግርህም» አሉኝ። ያኔ ለምን እንዳሉኝ አልገባኝም ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ ገባኝ።

የሳምንቱ ቀናት ሰባት ናቸው። ዓመታቱ በየተራ የሚጠሩባቸው ወንጌላውያን አራት ናቸው። ሰባት ጊዜ አራት 28 ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ከዕለቱም ከወንጌላዊውም ጋር ተመልሶ የሚገጥመው በየ28 ዓመቱ ነው። ይህን ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ ይሉታል። በ2016 ላይ 28 ብትጨምሪ 2044 ይመጣል። በቲክቶክ እንደ ራእይ የሚነገራችሁ ይኸው ድምር ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በጣቱ ይቆጥረዋል።

ወደኋላም ቁጠሪ። 1988፣ 1960፣ 1932፣ 1904። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዘመኑ ዮሐንስ ነበር፤ መጋቢት 29ም እሑድ ነበር። በ1932 ጎጃም በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። እነ በላይ ዘለቀ በዱር በገደሉ ይዋጉ ነበር። በዚያ ሌሊት «ጌታ አሁን ቢመጣ ምን ነበር» ያለ ሰው ስንት ይሆን! በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ግብር ተማርሮ ያመፀበት ጊዜ ነበር፤ የእናንተው የሞጣ አገር ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። የ1904ቱ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ዓመት መጋቢት 29 እሑድ ብቻ አልነበረም። ራሱ የትንሣኤ በዓል የዋለበት ነበር። ዘመነ ዮሐንስ፣ መጋቢት፣ 29፣ እሑድ፣ ትንሣኤ። ከዚህ የበለጠ ምን ሊገጥም ይችላል? ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ «ነገ ምን ይመጣል» እያለ ነበር። ሌሊቱ ነጋ። ገበሬው ፈስኮ፣ በልቶ፣ ሰንብቶ ወደ እርሻው ሄደ።

በ2016ቱም መጋቢት 29 የዋለው ራሱ ደብረ ዘይት ነበር። የዳግም ምጽአት መታሰቢያው እሑድ፣ በዚያው ቀን። ሰውዬው ይህን ሲያይ ልቡ ቢነሣሣ አልፈርድበትም። የምፈርድበት የሰው በሬ ስላሸጠ ነው።

ስምንተኛው ሺህ ያልሽውን ላሳጥረው። በአባቶቻችን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው። በዚህ ላይ 1500 ስትጨምሪ 7000 ይሞላል። ስለዚህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም ነው፤ አፄ ልብነ ድንግል በነገሡ ማግስት። ከ500 ዓመት በላይ በውስጡ ኖረናል። በ2016 ዓመተ ዓለሙ 7516 ነበር። የሩሲያ ክርስቲያኖችም በራሳቸው ቁጥር 7000 ሲሞላ፣ በእኛ በ1480ዎቹ መሆኑ ነው፣ ዓለም ያልፋል ብለው ጠብቀው ነበር። የፋሲካ ሠንጠረዣቸው እንኳ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ሌላ ሠንጠረዥ ሠሩ። «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ብሎ የሚያስደነግጥሽ ሰው ካለ፣ ቅድመ አያቶችሽ ተወልደው የሞቱት በስምንተኛው ሺህ ውስጥ እንደሆነ ንገሪው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ቀኑ ካልታወቀ ለምን በቀን እናከብራለን? እኅታችን ምጥ ቀርቧት እንደሆነ አስቢ። ሰዓቱን አናውቅም። ግን የገንፎው ዱቄት ይዘጋጃል፣ ቤቱ ይጠረጋል፣ አዋላጇ ቀድማ ትነገራለች። ደብረ ዘይት እንደዚያ ነው። ሰዓቱን ስለማናውቅ ዝግጅቱን በዓል አደረግነው። ቅዱስ ያሬድ የዐቢይ ጾምን ሳምንታት በስም ሲከፍል ምጽአትን አምስተኛው እሑድ ላይ፣ የጾሙ እኩሌታ ላይ አስቀመጠው። መጨረሻው ላይ አላስቀመጠውም። ግማሽ መንገድ ሄደን ሲደክመን ነው የምንሰማው። በዚያ እሑድ ዲያቆኑ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ፤ ወአምላክነሂ ኢያረምም» ብሎ ይሰብካል። እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ አምላካችንም ዝም አይልም ማለት ነው። ይህ ለማስፈራራት አይደለም። በዘንድሮ ኀዘን ውስጥ ላለ ሰው «አምላካችን ዝም አይልም» የሚል ቃል ትልቅ ማጽናኛ ነው። እኔ እርሱን ስሰማ እንባዬ ይመጣል።

ደግሞስ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንዴ የምናስበው? ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ሕዝቡ ሁሉ «ነአምን ዕርገተከ ወዳግመ ምጽአተከ» ይላል። ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም «በሕያዋንና በሙታን ይፈርድ ዘንድ ዳግመኛ በክብር ይመጣል» እንላለን። መምጣቱን ሳንጠራጠር እንናገራለን። ቀኑን ግን የትም ቦታ አንናገርም። ጌታ ራሱ በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ «ስለዚያች ቀንና ስለዚያች ሰዓት ግን ከአባት ብቻ በቀር የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን የሚያውቅ የለም» ብሏልና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «ልጅም ቢሆን» ያለው በመለኮቱ አያውቅም ለማለት አይደለም፤ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነውና የአብ ዕውቀት የእርሱ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከዚያ አልፈው እንዳይጠይቁ፣ እንዳይመራመሩ ነው ብለው መምህራን ይተረጉሙታል። ሊያርግ ሲል እንደገና ሲጠይቁት «ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» አላቸው። ለጴጥሮስና ለዮሐንስ ያልተሰጠ በስልክ ለሚቀርጽ ሰው አይሰጠውም።

መቁጠሩ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ በባሕረ ሐሳብ በዓላትን ማውጣት ቅዱስ ሥራ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በቅዱስ ዲሜጥሮስ ስም የሚጠራ ዕውቀት ነው። ምጽአትን በእርሱ መቅጠር ግን ለአብ የተተወውን ነጥቆ መውሰድ ነው። ያን አታድርጉ፤ የሚያደርገውንም አትስሙ።

ጦርነቱስ? ልጄ፣ የምታዪውን አይተሻል፤ እኔም አይቻለሁ። ልጆች ትምህርት ቤት ሳይሄዱ ከርመዋል። ይህ ምልክት አይደለም አልልሽም። ጌታ ጦርን፣ ረሃብን፣ የምድር መናወጥን ጠርቷል። ግን አብሮ ያለውንም አንብቢው፦ «ተጠበቁ፣ አትደንግጡ፤ ይህ ሊሆን ግድ ነውና፣ ነገር ግን መጨረሻው ገና ነው።» ቀጥሎም «የምጥ ጣር መጀመሪያ» አለው። ምልክቱ የተሰጠን እንድንጸና ነው።

አሁን ወደ በሬው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ የቤታችሁ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

በቅዱስ ጳውሎስ ዘመንም ይህ ደርሷል። በተሰሎንቄ «የጌታ ቀን ደርሷል» የሚል ወሬ ተነዛ። ሐዋርያው ከአእምሯችሁ ቶሎ አትናወጡ ብሎ ጻፈላቸው። በዚያው መልእክት ሥራ ትተው የሚዞሩትን ገሠጻቸው፤ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» አለ። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን በቀን መቁጠሪያዋ ላይ አኑራዋለች። ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ያለው እሑድ ማን ይባላል? ገብር ኄር። መክሊቱን ተቀብሎ፣ ነግዶ፣ አትርፎ የጠበቀው ባሪያ። ያኛው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ጌታው ሲመጣ ያገኘው ያለ ትርፍ ያንኑ መክሊት ብቻ ነበር። ምጽአቱን በሰማን በሳምንቱ የምንሰማው ስለ ሥራ ነው። ጌታ ሲመጣ ባለቤትሽን ድግር ጨብጦ፣ ማሳ ውስጥ ቢያገኘው ምን ነውር ነበረው? ምንም! ገብር ኄር፣ መልካም ባሪያ፣ ይለው ነበር።

ግን ለባለቤትሽ ይህንንም ንገሪው። ለነዳያን የሰጠው ገንዘብ አልጠፋም። ሰውዬው ዋሽቶት ይሆናል፤ የበላው ድኻ ግን እውነተኛ ድኻ ነው። «ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለው ቃል የተነገረው ስለዚሁ የምጽአት ቀን ነው። ያመነው ቀን ሐሰት ሆነ፤ የሰጠው ምጽዋት እውነት ነው። ስለዚህ የሚያፍርበት የለውም። ያሳፈረው ቀን የቀጠረለት ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀበሌያችሁ አልተመለሰም።

የቀረው አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ የቀረው ጎረቤት ፈልጉና መቀናጆ ግቡ። የዘገየውን እርሻ በወንፈል አንሡት። የማኅበራችሁን ሰዎች ለመጠየቅ አትፈሪ፤ ጽዋ አብረው የጠጡ ሰዎች ለአንድ ቀን ጉልበት አይነፍጉም። ከእናትሽ የተበደራችሁትን ከመጀመሪያው ምርት ክፈሉ።

ባለቤትሽ የነፍስ አባቱን ያናግር። «ተሳስቼ አመንኩ» ማለት ይበቃዋል፤ ከዚያ የሚሉትን ይስማ። በእሑዱ ሕዝብ መካከል መቆም ከከበደው በሥራ ቀን ለኪዳን ጸሎት ይምጣ። በማለዳ ሰው ጥቂት ነው። ወደ እናንተ አገር የምመጣው ለገብር ኄር እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር እቀመጣለሁ። እርሱም ይምጣ፤ ባቄላ ይዤ እመጣለሁና 28ቱን ዓመት አብረን እንደረድረዋለን።