ጭላዳ ለምን ሰው አልሆነም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ወሎ፣ መካነ ሰላም ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ሰው የመጣው ከዝንጀሮ ነው» አለኝ። እንዲያ ከሆነ በቦረና ሳይንት ፓርክ ያሉት ጭላዳዎች እስከ ዛሬ ለምን ሰው ሳይሆኑ ቀሩ? ማስረጃውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ሳይንሱ ሰው ዛሬ ከምናየው ጭላዳ ተወለደ አይልም። የሚለው፣ ሁለቱም ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ከሚገመቱ ዓመታት በፊት ይኖር ከነበረ አንድ የጋራ ቅድመ አያት ወርደው በየፊናቸው ተለወጡ ነው። የአክስትዎ ልጅ እርስዎን አልወለደም፤ አያታችሁ ግን አንድ ናቸው። ደግሞም ጭላዳው ባለበት አልቆመም። ሲግጥ ቀረብ ብሎ ላስተዋለው፣ ሣሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ያደርሰዋል፤ መንጋጋዎቹም ሣር ለመፍጨት የተስማሙ ናቸው። ዛሬ የጠፉ የቅርብ ዘመዶቹ ቅሪተ አካል ሐዳር ላይ ተገኝቷል። ሐዳር አሁን በአፋር ክልል ይገኛል፤ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስትገኝበት ግን የወሎ ግዛት ነበር። የድንቅነሽ ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በአካባቢው ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ በመመርመር ነው። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ቆማ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ያሳያል፤ የዝርያዋ አንጎል ግን መጠኑ ከቺምፓንዚ ብዙም አይርቅም።

እኔን ግን ከአጥንቱ ይበልጥ የሚያሳምነኝ በሕዋሳችን ውስጥ ያለው ማስረጃ ነው። ፍየል ቫይታሚን ሲን በጉበቷ ውስጥ ራሷ ስለምትሠራ ከምግብ ማግኘት አያሻትም፤ ሰው፣ ቺምፓንዚና ጭላዳ ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። ለሥራው የሚያስፈልገው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የአካል መመሪያ) ከሰው አካል ፈጽሞ አልጠፋም፤ ተበላሽቶ ፍርስራሹ ቀርቷል፤ በቺምፓንዚም ዘንድ ያው ጂን በዚያው ስፍራ፣ በብዙ ነጥብ በተመሳሳይ ሁኔታ ተበላሽቶ ይገኛል። ጊኒ ፒግ የምትባለው ትንሽ እንስሳም ይህን ችሎታ አጥታለች፤ የእሷ ጂን የተበላሸበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ብልሽቱ በየዝርያው ለብቻው የደረሰ ቢሆን ኖሮ፣ የሰውና የቺምፓንዚው እንዲህ መመሳሰሉ ምክንያት ይታጣለት ነበር።

የክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ጂኖችን የተሸከመ ክር) ቁጥርም አለ። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 ሲኖራቸው ሰው 46 ብቻ አለው። ልዩነቱ የመጣው ሁለት ጥንታዊ ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የሰውን ሁለተኛ ክሮሞዞም ስለሠሩ ነው፤ በጫፍ ላይ ብቻ መገኘት የነበረበት የዲኤንኤ ምልክት ዛሬም በመጋጠሚያው ላይ ይነበባል።