እንግሊዝ አገር ግስላ አለ እንዴ? ጠየቃችሁኝ፣ መለስኩ

ባለፈው ሰሞን «ዴቨን ውስጥ ጥቁር ነብር ታየ» የሚል ቪዲዮ ሲዘዋወር «ድመት ናት» ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩ። ጉድ ፈላ! ግማሹ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» አለኝ። ግማሹ ጥያቄ ደራረበብኝ። እና ዛሬ ሻይ አፍልቼ ተቀምጫለሁ፤ ያላችሁን ጠይቁ።

ስለ እኔ ባጭሩ፦ ኑሮዬ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ነው። ቅዳሜና እሁድ በበጎ ፈቃድ አጋዘን ለመቁጠር ጫካ ውስጥ ካሜራ እሰቅላለሁ። ሳይንቲስት አይደለሁም። ግን የሌሊት ፎቶ ሳገላብጥ ያደርኩ ሰው ነኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብን። አለ ወይስ የለም?»

ያመለጠ ወይም ሰው የለቀቀው አንድ አንድ አውሬ ነበረ፤ ወደፊትም ይኖራል። ይሄ ክርክር የለውም፤ በእጅ የተያዘ አለ፣ በጥይት የተመታ አለ፣ ሙዚየም የገባም አለ። እየተራባ፣ ግልገል እያሳደገ የሚኖር ግን የለም ባይ ነኝ። ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ነው ጭቅጭቁ የማያልቀው።

«ሰዎቹ አየን የሚሉት በትክክል ምኑን ነው? ነብር? አንበሳ?»

ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱን ነው። አንዱ ጥቁር ነብር፣ የእኛው ግስላ። ሁለተኛው ፑማ፣ አሜሪካ የሚኖረው ቡናማው። ሦስተኛው ሊንክስ፤ ጅራተ አጭር ሆኖ ጆሮው ጫፍ ላይ ጥቁር ፀጉር የቆመለት። ጆሮውን ብቻ ካያችሁት የእኛን ደልጋ አንበሳ ይመስላል።

ግስላ ለብቻው የተለየ ዘር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ያው ነብር ነው፣ ጠቁሮ ተወልዶ። ፀሐይ በደንብ ሲያርፍበት ነጠብጣቡ ከጥቁሩ ሥር ይታያል። በዓለም ካሉት ነብሮች ጥቁሩ ከአስሩ አንድ ገደማ ነው። እንግሊዝ አገር አየሁ የሚለው ሰው ግን አብዛኛው «ጥቁር ነው» ይላል። አስሩ ነብር ሁሉ ጥቁሩን ብቻ መርጦ እንግሊዝ ገባ ማለት ነው? ጥቁር የቤት ድመት ግን በየመንደሩ ሞልቷል። «ጥቁር ፑማ አየሁ» የሚላችሁ ካለ ደግሞ በትህትና ሻይ ጋብዙት፤ ጥቁር ፑማ እስከ ዛሬ ተረጋግጦ አያውቅም።

«ከየት መጣ ይባላል ታዲያ? ደሴት አይደለም እንዴ?»

ነው። የራሱ የነበረው ሊንክስም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠፍቷል። ዛሬ የቀረው አገር በቀል የዱር ድመት የስኮትላንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሊያልቅ ደርሷል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከ1960ዎቹ ነው። ያኔ ገንዘብ ያለው ሰው ለንደን ውስጥ ሱቅ ገብቶ የአንበሳ ግልገል መግዛት ይችል ነበር። ቀልድ አይደለም፤ በ1969 ሁለት ወጣቶች ሃሮድስ ከሚባለው የለንደን ትልቅ መደብር ገዝተው ቼልሲ ሰፈር ውስጥ አሳድገዋል። ከዚያ በ1976 አደገኛ የዱር እንስሳት አዋጅ ወጣ። ፈቃድ አውጣ፣ መድን ግባ፣ በረቱን አስፈትሽ የሚል ነው። ወጪው የከበዳቸው ሰዎች በሌሊት ጭነው ሜዳ ላይ ለቀቋቸው ይባላል። ይህ ባዶ ወሬ አይደለም፤ አዋጁ ሳይወጣ እንኳ፣ በ1974፣ ጥቁር ነብርና ፑማ ተራራ ላይ ለቅቄያለሁ ብሎ ከዓመታት በኋላ በአደባባይ የተናገረ የአንበሳ አሠልጣኝ አለ። የባዕድ አገር አውሬ መልቀቅ ራሱ በግልጽ ወንጀል የሆነው በ1981 ነው።

«ይኸው! ከተለቀቁ ተራብተዋላ!»

ቀስ በል ወንድሜ። ነብር ጫካ ውስጥ ቢበዛ ዐሥራ አምስት ዓመት ይኖራል። በ1976 የተለቀቀው በ1990ዎቹ አልቋል ማለት ነው። ዛሬ የሚታየው ካለ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። ለዚያ ደግሞ አንዱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ኮርንዎል፣ ሌላው ሰሜን ስኮትላንድ የተጣሉ ብቸኞች አይበቁም። ተገናኝተው፣ ወልደው፣ ግልገል አሳድገው፣ አርባና ሃምሳ ዓመት ዘር መቀጠል አለባቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ደግሞ አንዱም መኪና ሳይገጨው።

እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። እዚህ አገር መንገድ ዳር ያልሞተ አውሬ የለም። አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ባጀር የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ፣ ጉጉት፣ ሁሉንም አይቻለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጃንግል ካት የሚሉት የእስያ የዱር ድመት እንኳን ሄይሊንግ ደሴት ላይ በመኪና ተገጭቶ ተገኝቷል። ነብር ብቻ ነው ግራና ቀኝ አይቶ የሚሻገረው?

«የነብር ራስ ቅል ወንዝ ውስጥ ተገኝቷል ሲባል አንብቤያለሁ። እሱንስ ምን ትለዋለህ?»

እህቴ፣ ይሄን ታሪክ ስለምወደው ትንሽ ላስረዝመው።

ኮርንዎል ውስጥ ቦድሚን ሙር የሚባል ዛፍ አልባ፣ ነፋሻ ሜዳ አለ። በጎች እየተበሉ ነው፣ ጥቁር አውሬ አለ የሚለው አቤቱታ ሲበዛ የግብርና ሚኒስቴር በ1995 ባለሙያ ላከ። ወራት ፈጅተው ሪፖርት አወጡ፤ «መኖሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘንም፣ አለመኖሩንም ማረጋገጥ አንችልም» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ልጅ ፎዊ ወንዝ ዳር የትልቅ ድመት ራስ ቅል አገኘ። ክራንቻው ሁሉ እንዳለ ነው። ጋዜጦች አበዱ።

ራስ ቅሉ ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄደ። መልሱ መጣ፦ አዎ፣ የነብር ነው። ወጣት ወንድ ነብር። ግን ከኋላ በኩል አጥንቱ ተቆርጧል፤ ቆዳ ፋቂዎች ለምንጣፍ ሲያዘጋጁ እንደሚቆርጡት። ውስጡ ደግሞ የበረሮ እንቁላል ማቀፊያ ተገኘ። በሞቃት አገር ብቻ የሚኖር በረሮ ነው፤ ኮርንዎል ብርድ ውስጥ እንቁላል ሊጥል አይችልም። ነብሩ የሞተው ሩቅ አገር ነው። እንግሊዝ የገባው ምንጣፍ ሆኖ ነው። ማን ወንዙ ውስጥ እንደጣለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሰውዬው ግን ዜና መከታተል የሚወድ ሳይሆን አይቀርም።

«ወታደር ሁሉ ተልኮ ነበር ይባላል?»

አዎ፣ በ1983፣ እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ኤክስሙር የሚባል ኮረብታማ አገር። አንድ ገበሬ በሦስት ወር ከመቶ በላይ በግ አለቀብኝ ብሎ የባሕር ኃይል ተኳሾች ኮረብታው ላይ አደፈጡ። ምንም ሳይጥሉ ተመለሱ።

«ቪዲዮውስ? ዓይናችን ነው የሚዋሸን?»

ዓይን አይዋሽም፣ ርቀት ግን ያታልላል። የ1995ቱ ባለሙያዎች ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። «አውሬው እዚህ ቆሞ ነበር» የተባለበት ቦታ ሄደው መለኪያ ዘንግ አቆሙና ከቪዲዮው ጋር አነጻጸሩ። ቁመቱ የቤት ድመት ሆኖ አረፈው።

እኔም ላይ ደርሷል። አንድ ክረምት ካሜራዬ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነሳውን ስከፍት ልቤ ቀጥ አለ። ጥቁር፣ ወገበ ረጅም፣ ትከሻው ወጣ ወጣ ያለ፣ ዓይኑ የሚያበራ። በአጥሩ ምሰሶ በኩል እያለፈ ነው። ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። «ነብር ነው» አልኳት። «ተኛ» አለችኝ። ጠዋት የልጄን ማስመሪያ ይዤ ሄድኩ። ምሰሶው ላይ አንድ ዝገት የያዘ ሚስማር አለ፤ በፎቶው ላይ የአውሬው ጀርባ ከሚስማሩ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ሚስማሩ ከመሬት 28 ሳንቲ ሜትር ነው። ነብር ቢሆን ሆዱ ራሱ ከዚያ በላይ በሆነ ነበር። በሳምንቱ የጎረቤት ድመት እዚያው ምሰሶ ላይ ጀርባዋን ስታሽ አገኘኋት። ፎቶውን አላጠፋሁትም፤ እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፣ ሁሉም «ነብር!» ይላል።

«በ2012 አንበሳ ታየ ተብሎ ፖሊስ በሄሊኮፕተር የፈለገውስ?»

ኤሴክስ፣ ሴንት ኦሲት። ሌሊቱን ሙሉ ፈልገው አንበሳ አላገኙም። ሰፈሩ ውስጥ ሜን ኩን የምትባል ዝርያ፣ ፀጉረ ረጅም ቡናማ ግዙፍ የቤት ድመት ነበር። ስሙ ቴዲ ቤር።

«የዲኤንኤውን ነገር አድበስብሰህ ልታልፍ ነው?»

አላልፍም፤ ከእኔ ወገን ላልሆኑት ጠንካራው ካርታቸው እሱ ነው። በ2024 ይፋ የሆነ ነገር ነው። ኩምብሪያ ውስጥ፣ ሐይቆች በሚበዙበት ተራራማ አገር፣ ከተገደለ በግ ላይ በጥጥ የተወሰደ ናሙና የዎሪክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሮቢን አላቢ ቤተ ሙከራ ገባ። የቀበሮ ዲኤንኤ ወጣ፤ ከዚያ ጋር ደግሞ የፓንተራ ወገን፣ ማለትም አንበሳ፣ ነብርና መሰሎቻቸው የሚመደቡበት ወገን ዲኤንኤ ወጣ። እኚሁ ሰው በ2012 ግሎስተርሺር ውስጥ የሞቱ አጋዘኖችን መርምረው «ቀበሮ ነው» ብለው ነብር አለ ባዮችን ያሳዘኑ ናቸው። ስለዚህ ወሬ አሟቂ አይደሉም።

እኔ ይህን አልንቀውም። ግን ናሙናው ትክክል ነው ብንል እንኳ የሚነግረን አንድ አውሬ በዚያ በኩል ማለፉን ነው። አንድ አውሬ ሊኖር እንደሚችል መጀመሪያውኑ ብያለሁ። ዘር ለመሆኑ አንድ ጥጥ አይበቃም።

«ነብር እኮ ተደብቆ ነው የሚኖረው! ሙምባይ ከተማ መሃል አይደል ያሉት?»

ትክክል ነህ፤ ሙምባይ ከተማው የከበበው ፓርክ ውስጥ በርካታ ነብሮች አሉ፣ አብዛኛው ነዋሪም አይቷቸው አያውቅም። ግን እንዴት አወቅን? ካሜራ ያነሳቸዋል፣ ኩሳቸው ይገኛል፣ ውሻ ይወስዳሉ፣ መኪና ይገጫቸዋል። ሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የአሙር ነብር በዓለም ላይ የቀረው መቶ ገደማ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጫካ ውስጥ እያንዳንዱን በነጠብጣቡ ለይተው ያውቁታል። ኬንያ ላይኪፒያ ውስጥ ግስላ አለ ሲባል ካሜራ ሰቀሉ፣ ጥርት ያለ ፎቶ ይዘው መጡ። እንግሊዝ ውስጥ ለአጋዘን፣ ለባጀር፣ ለጃርት ተብሎ የተሰቀለው ካሜራ ስፍር ቁጥር የለውም። የሚይዘው ግን የጎረቤት ድመት ነው።

እውነተኛው አውሬ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ በቅርቡ አየን። ጃንዋሪ 2025፣ ስኮትላንድ፣ ኬርንጎምስ ተራራ፣ ኪንጉሲ አጠገብ። አንድ ያልታወቀ ሰው ሊንክስ ለቀቀ። ሁለቱ ታዩ፣ በማግስቱ በወጥመድ ተያዙ። ሌላ ሁለት ተጨመሩ፤ እነሱም ተያዙ፣ አንዱ ግን ሞተ። ሰው የለመዱ ስለነበሩ ቀለለ በሉ፣ እሺ። ግን ከታዩበት ቀን ጀምሮ ሳምንት አልፈጀም።

ወደ ኋላም ብትሄድ እንደዚያው ነው። በ1980 እዚያው ስኮትላንድ ካኒክ ውስጥ ሴት ፑማ በወጥመድ ተያዘች፤ ፌሊሲቲ አሏት፣ ሲዳብሷት የምታንኮራፋ ሆነች፤ ዛሬ ኢንቨርነስ ሙዚየም ውስጥ ገለባ ሞልተዋት ቆማለች። በ2001 ሰሜን ለንደን ሰፈር መሃል ሊንክስ ተገኘ፣ በማደንዘዣ ተያዘ። ብሪስቶል ሙዚየም ደግሞ በ1903 አካባቢ ዴቨን ውስጥ የተገደለ የካናዳ ሊንክስ አለ፤ ጥርሱ ሲታይ ረጅም ጊዜ በረት ውስጥ የኖረ ነው።

«ዌልስ ገጠር ልንገባ ነው፣ ሁለት ሕፃናት አሉኝ። ልፍራ?»

ከነብር አትፍሪ እመቤት። ጥጃ ካላት ላም ፍሪ። እዚህ አገር በየዓመቱ ላም የረገጣቸው ሰዎች ይሞታሉ። ውሻ ይዘሽ በላሞች መሃል አትለፊ፤ ቢያባርሩሽ ውሻውን ልቀቂው።

«እሺ፣ እኔ ባየውስ ምን ላድርግ?»

አትሩጥ፣ አትከተለው። ፎቶ አንሳ፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ የቆመበት ቦታ ሄደህ ጫማህን አስቀምጥና ከበፊቱ ቦታህ እንደገና አንሳ። ያ ሁለተኛው ፎቶ ነው ዋጋ ያለው። ዳና ካገኘህ ጥፍር እይ፤ ድመት ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ አይታተምም፣ ውሻ ግን ያትማል። የሞተ በግ ካገኘህ ጉሮሮውን እይ። ነብር አንቆ ነው የሚገድለው። ዓይኑ ከጠፋ ቁራ ነው፣ አትደንግጥ። ከዚያ ለፖሊስ ደውል፣ እኔንም አትርሳኝ።

«መጨረሻ፦ ምን ብታይ ነው ሐሳብህን የምትቀይረው?»

ግልገል። ወይ መንገድ ዳር የወደቀ፣ ወይ ካሜራዬ ላይ ከእናቱ ኋላ የሚከተል። ያኔ ይቅርታዬን በትልልቅ ፊደል እጽፋለሁ። ባትሪ ልቀይር ቅዳሜ እወጣለሁ፤ ማስመሪያውም ቦርሳዬ ውስጥ ነው።