«ካርታ አለኝ እኮ!»

ባለፈው ሰኔ አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ካርታ ጠቅልሎ መጣ። ተናዷል። አባቱ ግቢ ውስጥ ብየዳ ቤት ሊከፍት አስቦ ፈቃድ ተከልክሏል። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ቦታው የኛ ነው። ካርታ አለኝ እኮ!» አለኝ።

ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ካርታው እንከን የለውም። የአባቱ ስም አለ፣ ስፋቱ አለ፣ አዋሳኞቹ አሉ፣ ማህተሙ አለ። «ፕላኑስ?» አልኩት። «የቱ ፕላን?» አለኝ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ በቅየሳና በከተማ ፕላን ሥራ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «የቱ ፕላን?» የሚለውን ከነጋዴም፣ ከመምህርም፣ አንዳንዴ ከአለቆቼም አፍ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ልጁ ላይ አልፈረድኩም። ያን ቀን ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

የይዞታ ካርታ የሚነግራችሁ ከአጥራችሁ ወዲህ ያለውን ነው። ፕላን ከአጥር ወዲያ ያለውን ይነግራችኋል። ደጃችሁ ላይ ያለው ኮረኮንች ነገ ስንት ሜትር መንገድ እንደሚሆን። ከጎናችሁ ባለው ቦታ ትምህርት ቤት ይሠራ እንደሆነ ወይስ ፎቅ፣ ፎቁስ እስከ የት እንደሚወጣ። ሰው የመጀመሪያውን ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ሁለተኛውን አይቶት አያውቅም። ችግር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአጥር ወዲያ ነው።

«ዞኒንግ» የሚለው ቃል በኛ አገር ያደናግራል። ዞን ሲባል ሰው የሚያስበው የዞን አስተዳደርን ነው። እዚህ ነገሩ ሌላ ነው። የከተማውን መሬት ከፋፍሎ ይህ ለመኖሪያ፣ ያ ለንግድ፣ ያኛው ለፋብሪካ፣ ይሄኛው ለአረንጓዴ ብሎ መወሰን ነው። ቅይጥ የሚባልም አለ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ። አሜሪካኖች ወደዚህ ነገር የገቡበት አንዱ ምክንያት ሁሌም ይገርመኛል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 ኢኩዊተብል የተባለ ግዙፍ ሕንፃ አለቀ። ጥላው የጎረቤቶቹን ፀሐይ ከለከለ። በዓመቱ ከተማዋ የሕንፃን ቁመትና አገልግሎት የሚወስን ደንብ አወጣች። የጥላ ጠብ እኛም ጋ አለ። ደቡብ በኩሏ ባለ አራት ፎቅ የበቀለባት እናት ልብሷን የት ታስጣ?

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሰው ሁሉንም «ማስተር ፕላን» ይለዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ግን ሁለቱን ይለያል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያሳያል፤ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ቢሮ ውስጥ ኤልዲፒ የሚሉት፣ ወደ ሰፈር ይወርዳል። የሕንፃ ቁመት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጋራ መጠቀሚያ ቦታ እሱ ላይ ነው። ሁለቱን አታምታቱ። በ1:10,000 በተሠራ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር፣ መሬት ላይ 10 ሜትር ነው። የእስክሪብቶ መስመር አንድ ቤት ይውጣል ማለት ነው። እሱ ላይ ጣቱን ቀስሮ «ቦታው እዚህ ጋ ነው» የሚላችሁን አትመኑ፤ ደላላ ከሆነማ ጭራሽ። በ1:2,000 ሲሆን ያው 1 ሚሊ ሜትር 2 ሜትር ይሆናል። አጥራችሁን ማየት ትጀምራላችሁ። ቀለሞቹ ብዙ ጊዜ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ ናቸው። ያም ሆኖ ጥግ ላይ ያለውን የምልክት መግለጫ ሳታነቡ አትፍረዱ።

የልጁ ሰፈር ቢጫ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም የምኖረው እዚያው ቢጫ ውስጥ ነው። ግራይንደር ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮዬ ሥር ሲያፏጭ ደስ አይለኝም። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኩት። ሳይወድ ሳቀ።

አዋቂ ነኝ ባይ እንዳልመስላችሁ። ወጣት ቀያሽ ሳለሁ ከአላሙራ ተራራ ግርጌ አንድ ቦታ ሸንሽን ተባልኩ። ወሩ ጥር ነበር። ሜዳው መሃል ጎድጎድ ያለ፣ የጋሪ መንገድ የሚመስል ነገር አለ። አንድ የሲዳማ አዛውንት መጥተው በበትራቸው እያሳዩ «ልጄ፣ ይሄ የውሃ መንገድ ነው» አሉኝ። አየሁት። ደረቅ ነው፤ አቧራው ይቦናል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ትኩስ የወጣሁ ነኝ። «እሺ አባቴ» ብዬ ችካሌን ተከልኩ።

በመጀመሪያው ክረምት ምንም አልሆነም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ውሃው መንገዱን ፈልጎ መጣ። አምስት ቤት ገባ። አንዲት እናት የራሰ ፍራሽ አጥር ላይ ሲያሰጡ ደረስኩ። አወቁኝ፤ ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽንሻኖውን ያጸደቀው ኃላፊ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ችካሉን የተከለው እጅ ግን የኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቦታ ሳይ መጀመሪያ ሽማግሌ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ በሐምሌ ቦቲ ጫማ አድርጌ እመለሳለሁ። ሐዋሳ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሐይቃችን በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የተራራው ጎርፍ ይገባበታል፣ የሚወጣ የለም። ከጋራዥ የፈሰሰ ዘይት፣ በየቦዩ የሄደ ፕላስቲክ፣ ከተራቆተ ኮረብታ የታጠበ አፈር መድረሻው እዚያው ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የምትበሉት ዓሣም እዚያው ነው ያለው። ፕላን ላይ በሐይቁ ዳር የተዘረጋ አረንጓዴ ሰቅ ስታዩ ለሽርሽር ብቻ የተተወ አይምሰላችሁ።

«ባዶ ቦታ» በሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የተጣላሁበት ስለሆነ። ጉዱማሌ የሚባለውን የሐዋሳ ቦታ ታውቃላችሁ። በአዘቦት ቀን ለሚያልፍ እንግዳ ሜዳ ነው። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጫምባላላ ዕለት ኑና እዩት። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል፤ ሕዝቡ የሚቆምበት መሬት ባይኖርስ መዝገቡ ምን ይሠራል? በአገራችን የከተማ ፕላን 30፣ 30፣ 40 የሚባል ክፍፍል አለ። 30 ከመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 ከመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ የቀረው 40 ለግንባታ። ወረቀት ላይ ያምራል። የሰፈር ኳስ ሜዳ እንዴት እንደሚጠፋ ግን አይቻለሁ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ «ለጊዜው» ተብሎ ኮንቴይነር ይቀመጣል። ኮንቴይነሩ በረንዳ ያወጣል። ጎኑ መኪና ማጠቢያ ይከፈታል። ልጆቹ አስፋልት ላይ መጫወት ሲጀምሩ ነው ሰው ሜዳው ማለቁን የሚያውቀው። ፕላኑ ላይ አሁንም አረንጓዴ ነው።

አንድ ቦታ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ እዚያው አይቀመጥም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም ያየነው ሼዱን ነው። ከየገጠሩ በሺዎች የሚመጡት ሴት ልጆች የት ያድራሉ ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው። አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራዩ። ግቢ ያለው ሁሉ ሰርቪስ ቤት ቀጣጠለ። ሽንት ቤቱ ያው አንድ ነው። ሐምራዊ ስታዩ ቢጫው የት አለ ብላችሁ ጠይቁ።

መሬት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ በአጭሩ። በሕገ መንግሥታችን መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በእጃችን ያለው የመጠቀም መብት ነው። ደላላው «መሬት» ሲላችሁ የሚሸጥላችሁ ምን እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ጠይቁት። ቤት ነው? የሊዝ መብት ነው? ወይስ ሦስት እማኝ የፈረመበት የመንደር ውል? ውሉ ላይ ስንት ሰው እንደፈረመ ፕላኑ አያውቅም። ቤት የምትሠሩ ከሆነም ለአርክቴክት ከመክፈላችሁ በፊት የፕላን ስምምነት ጠይቁ። ቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ ለምን አገልግሎት እንደሚፈቀድ ያኔ ይለያል። ሦስት ፎቅ አስነድፎ አንድ የተፈቀደለት ሰው አጽናንቻለሁ፤ ማጽናናቱ ቀላል አይደለም።

ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። በሥራ ዘመኔ ብዙ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ቆሜያለሁ፤ ወጣት ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ካርታው ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አይነበብም፣ ባለሙያው ያብራራል፣ ይጨበጨባል። አንድ ጊዜ አትክልት የሚሸጡ እናት ተነሥተው «ልጄ፣ ገበያችን ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉ። ዞረን ካርታውን አየን። ገበያው የለም። በቦታው መንገድ ተሰምሯል። ስድስት ባለሙያ ሆነን ለወራት ስንሠራ አላየነውም። የእናንተ ተራ ሲመጣ በቴክኒክ ቃል አትፍሩ። የምትሄዱበትን መንገድ፣ ውሃ የምትቀዱበትን፣ ኳስ የምትጫወቱበትን ካርታው ላይ ፈልጉት። ካጣችሁት እጃችሁን አውጡ።

ልጁን ሰኞ ይዤው ወደ ከተማ ፕላን ቢሮ ሄድኩ። ፕላኑን ለማየት ሦስት ቢሮ አዞሩን፤ እሱም አንድ ትምህርት ነው። በመጨረሻ ለአነስተኛ ማምረቻ የተተወ መስመር አገኘን። እዚያ ሼድ ተከራየ። እኔም ጆሮዬ ዳነ።

ያለፈው ሳምንት ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከሼዴ ጀርባ ያለው መንገድ ፕላኑ ላይ 15 ሜትር ይላል አይደል?»

«መሰለኝ።»

«መሬት ላይ 9 ነው። ሜትር ተውሼ ሁለት ጊዜ ለካሁት። የጎደለው 6 ሜትር ከማን ግቢ ነው የሚወሰደው?»

ነገ ጠዋት እመጣለሁ፣ ሜትሩን እንዳትመልስ አልኩት።