ሞተሩን ተወውና ወለሉን ብሳው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር ነው። አንባቢያችን ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስበት አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ አለው። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት። ድሮ ሰው ሞልቶ ይበር የነበረው ጀልባ ዛሬ ባዶውን እንኳ አፍንጫውን ሰቅሎ ይጎተታል። ቤንዚን ይጠጣል። ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡሬተር ታጠበ፣ ፕሮፔለር አዲስ ተገዛ። ለውጥ የለም። «ጋሼ፣ ሞተሩን ልሽጠው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሞተርህን አትሽጥ። ሁሉን የነገረችኝ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግካት ወሬ ናት። ጀልባውን ዳር አውጥተህ ታፖውን፣ ማለትም የውሃ ማፍሰሻውን ውታፍ፣ ስትከፍት ውሃው ቶሎ ያልቃል፣ ከዚያ ግን ለቀናት ጠብ ጠብ ይላል ብለሃል። ያ ውሃ የሚመጣው ጀልባው እንዳይሰምጥ ከወለሉ ስር ከተሞላው ፎም ነው። ፎምህ ውሃ ጠጥቷል። 200 ሊትር ቢይዝ 200 ኪሎ ነው፤ ሦስት የማይከፍሉ ተሳፋሪዎች ጭነህ ነው የምትውለው። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። አየሩ ስስ ስለሆነ 40 የተባለው ሞተር ሙሉ 40ውን እዚህ አይሰጥም። ትርፍ ጉልበት ስለሌለው የተጨመረበትን ክብደት ወዲያው ያሳብቃል።

መሣሪያ ከማንሳትህ በፊት የቤንዚን ታንኩን ከነቱቦው ከጀልባው አውጣ። ባትሪውንም ፍታ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ወለሉ ስር ይተኛል። ክዳኑን ሁሉ ከፍተህ ነፋስ ይግባበት። አሁንም የሚሸት ከሆነ ድሪልም ግራይንደርም አታስነሳ።

አሁን ምርመራው። ከኋላ በኩል፣ ወለሉ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ፣ ድሪል ላይ በሚገጠም ክብ መጋዝ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ክፈት። ድሪሉ ወርዶ የጀልባውን ሆድ እንዳይበሳ ከጫፉ ከፍ ብሎ ፕላስተር ጠቅልለህ ልክ አብጅለት። ከፎሙ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አውጣና ሽንኩርት ሻጭ ጋ ሄደህ አስመዝነው። ያ መጠን ልክ አንድ ሊትር ነው። ደረቅ ፎም ከሆነ 30 ግራም ገደማ ነው፤ ሚዛኑ እንኳ ላያነበው ይችላል። ግማሽ ኪሎ ከመዘነ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከፊት በኩልም ድገመው። ብዙ ጊዜ የፊቱ ደረቅ ነው፣ የኋላው ነው የሚበላሸው።

«ፎም ውሃ አይጠጣም» ብለው የሚከራከሩህ ይኖራሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ። ፎሙ ፖሊዩሬቴን ነው። ውስጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የተዘጉ አረፋዎች አሉ። የዚህ ፎም አንድ ሜትር ኩብ 32 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያንኑ ያህል ውሃ 1,000 ኪሎ ነው። ጀልባው በውሃ ቢሞላ እንኳ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ይህ ልዩነት ነው። አዲስ ሆኖ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ብታሳድረው እውነትም አይጠጣም። ዓመታት ግን ሌላ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ማዕበሉ ሆዱን ሲደበድበው የአረፋዎቹ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው ውስጡ ያለው አየር ይወጠራል፤ ማታ ሲበርድ ይኮማተርና አጠገቡ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ነገም እንዲሁ። እንደገባው ግን አይወጣም። የደንገል ታንኳም ውሃ ይጠጣል፤ ባለቤቱ ግን ማታ ዳር ያወጣውና ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ያንተ ፎም በወለልና በሆድ መካከል ተቀብሮ ከየት ነፋስ ያግኝ? «ታፖውን ከፍተህ በጋውን አቆየው፣ ይደርቃል» የሚልህን አትስማ። መውጣት አለበት።

ሥራውን ኅዳር ላይ ጀምር እንጂ በክረምት አትሞክረው። ጀልባውን ደልዳላ ቦታ ላይ አሳርፈህ ከስር በብዙ ቦታ ደግፈው። ወለሉ ሲነሳ ሆዱ ይላላል፣ ከተጣመመ አይመለስም። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከንፈር አስቀርተህ ወለሉን በግራይንደር ቁረጥ። ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱትን የእንጨት ድጋፎች እንዳትነካ። ያን ቀን ታንኩ ጀልባው ውስጥ ካለ ሥራው አልተጀመረም በለው። ቤንዚን የጠጣ ፎምም አጋጥሞኛል፤ ስትቆፍር ከሸተተህ ግራይንደሩን ጣልና በእጅ መጋዝ ቀጥል። የፋይበሩ ብናኝ ሳንባ ይገባል፣ ማስክ አድርግ። ፎሙን በአካፋ አውጣው። አታቃጥለው፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ወለሉ ከሁለት ዓመት በፊት «ታድሷል» ብለሃል። ምን እንደምታገኝ ልንገርህ፦ ቺፑድ፣ የዛገ ብሎን፣ ስንጥቁ ላይ የመኪና ስቱኮ። ፎም ጎደለ ብሎ የፍራሽ ስፖንጅ የሚጠቀጥቅም አለ! ስፖንጅ ለጀልባ ማለት ውሃ በገንዘብ መግዛት ነው። ለበርና ለመስኮት ክፍተት የሚነፋው የጣሳ ፎምም አይሆንም።

ባዶውን በደንብ አድርቀው፤ ሳምንታት ይፈጃል። ድጋፎቹን በወስፌ ውጋ። ሰተት ብሎ ከገባ በስብሷል፣ ቀይር። ከዚያ ሆዱ መሃል ላይ ውሃ ወደ ታፖው የሚወርድበት መንገድ አስቀር። ለሁለት የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ተደፍቶ ይበቃል። የድሮው መንገድ ተደፍኖ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

አዲሱ ፎም ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚፈስ፣ ለጀልባ የተሠራ ይሁን። ሞቅ ባለ ሰዓት፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ፣ አንዱ ንብርብር ሲበርድ ሌላውን። ሁሉንም በአንዴ ከገለበጥከው ሙቀቱ አደገኛ ነው። ካጣህ ክዳናቸው ጥብቅ ያለ ባዶ ሃይላንዶች ደርድር። ባለሁለት ሊትሩ 2 ኪሎ ገደማ ያንሳፍፋል። አትሳቅ፣ ከስፖንጅ በብዙ ይሻላል። የዕቃ ማሸጊያውን ነጭ ፎም ግን ተወው፤ ቤንዚንም፣ ፋይበርግላስ የሚለጠፍበት ሬዚንም ያቀልጡታል። ፎምም ሃይላንድም ሳታስገባ ወለሉን ደፍነህ ሰው እንዳትጭን ደግሞ አደራ።

ወለሉ ጥሩ ኮምፔልሳቶ ይሁን፤ ከመግባቱ በፊት ስሩም ጠርዙም ሬዚን ይጠጣ። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን። ታንኩንና ባትሪውን የምትመልሰው ሬዚኑ ደርቆ ሽታው ከጠፋ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ሞተሩ የታሰረበትን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ በኩል በቀጭን ድሪል ፈትሸው። ደረቅና ነጣ ያለ ፍቅፋቂ ከወጣ ደህና ነው። ጠቆር ብሎ እርጥብ ከሆነ ወለሉን ሳትዘጋ ጻፍልኝ። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ወለሉ ክፍት እያለ ነው የሚቀለው።