«ጥገኛ»፣ «አብሮ ኗሪ» ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ ስለሚኖሩት ባክቴሪያዎች በጻፍሁት ጽሑፍ «የባቄላው ጥገኞች» ብያቸው ነበር፤ አርታኢዬ ግን «ከባቄላው ጋር አብረው የሚኖሩ» ብለው አረሙት። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ የአርታኢዎ እርማት ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ዋናውን ነገር ሳይናገር ያልፋል። የእርስዎ ቃል ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። «ጥገኛ» ከ«ተጠጋ» ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን፣ አንዱ ሌላውን ተጠግቶ መኖሩን እንጂ ለተጠጋው አካል የሚመልሰው ነገር መኖሩን አያመለክትም። ስለዚህ ደም ለሚመጥ መዥገር በትክክል ይስማማል። በባቄላ ሥር ያሉት ባክቴሪያዎች ግን የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ሊጠቀምበት ወደሚችል ውሕድ ይለውጡለታል፤ ተክሉም በፋንታው በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ይመግባቸዋል። የሚቀበለውን ያህል የሚሰጥን ፍጡር «ጥገኛ» ማለት እውነቱን ማጉደል ነው።

«አብሮ መኖር» ደግሞ ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አንቶን ደ ባሪ በ1878 እ.ኤ.አ. «ሲምባዮሲስ» የሚለውን ስያሜ በዚህ ትርጉም ሲያስተዋውቁ፣ ከግሪክኛ የተገኘው ቃል ፍቺው አብሮ መኖር ነበርና ጥገኝነትንም ጭምር ያካትት ነበር።

ለዚህ ጉዳይ አማርኛ የራሱ ብልሃት አለው፤ እኔም ከባዕድ ስያሜ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። «ጠቀመ» ለሌላው መዋልን፣ «ተጠቀመ» ለራስ ማግኘትን ሲገልጥ፣ መካከለኛው ፊደል አንድ ጊዜ በራብዕ፣ አንድ ጊዜ በግዕዝ ሲደገም «ተጠቃቀመ» ይሆንና ሁለቱን ጥቅሞች በአንድ ግሥ ያስተሳስራል። «ተደጋገፈ»ም የተገነባው በዚሁ መንገድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ቢነሣ ሌላው ይወድቃል የሚል ሥዕል ስላለው፣ ያለ ሌላው መራባት ለማይችሉት፣ ለምሳሌ ለሾላ ዛፍና በፍሬው ውስጥ እንቁላሏን እየጣለች አበቦቹን ለምታዳቅለው ጥቃቅን ተርብ ቢቀመጥ ይሻላል። ባቄላ በቂ ናይትሮጅን ባለው አፈር ላይ ያለ ባክቴሪያዎቹም ሊያድግ ስለሚችል «መጠቃቀም» ይበቃዋል። ይህ ቃል በሰዎች መካከል ሲነገር አልፎ አልፎ የአድልዎ ጥርጣሬ ቢያሳድርም፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ሲነገር ያ ጥላ አይከተለውም። «መረዳዳት» ግን በጎ ፈቃድን ስለሚያሰማ ለባክቴሪያ አልመርጠውም።

እንግዲህ «ባቄላና በሥሩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይጠቃቀማሉ» ብለው ይጻፉ፤ ግሡ ራሱ ስለሚናገረው «እርስ በርሳቸው» ብሎ መጨመርም አያስፈልግም።